ከሰሌዳው ጀርባ

አባቴ ሥዕል ሲያስተምረኝ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ከዳባት የሚመጣው መንገድ መሐል ወስዶ ማቆም ነበር። መኪና እምብዛም የማያልፍበት ዘመን ነው። ጠጠሩ በክረምቱ ዝናብ ታጥቦ ያብለጨልጫል። አባቴ አጠገቤ ተንበርክኮ አገጬን በሁለት ጣቱ ያዘና ፊቴን ወደ መንገዱ አቀናው።

«አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ። መንገዱ የት ላይ ያልቃል?»

«አያልቅም። ዳባት ይሄዳል።»

«የምታውቂውን ማን ጠየቀሽ? የምታዪውን ንገሪኝ።»

ጨፍኜ አየሁ። የመንገዱ ግራና ቀኝ ጠርዝ እየተጠጋ፣ እየተጠጋ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይገጥማል። የስልክ እንጨቶቹ ከፊቴ ያለው ረጅም፣ ቀጥሎ ያለው አጠር፣ ከዚያ ክብሪት እንጨት፣ ከዚያ ምንም። ቦዩም፣ አጥሩም፣ የባሕር ዛፉ ተርታም እዚያው ቦታ ሄዶ ይጠፋል። በጣቴ አሳየሁት።

«እሱ መጥፊያ ነጥብ ይባላል» አለኝ። «ካንቺ የሚርቅ መስመር ሁሉ እዚያ ይገባል። ነጥቡ የሚቀመጠው ደግሞ አድማሱ ላይ ነው። አድማሱ የት ነው?»

«ሰማይና መሬት የሚገጥሙበት።»

«በዓይንሽ ልክ ነው። እስቲ ቁጢጥ በይ።»

ቁጢጥ ስል አድማሱ አብሮኝ ቁጢጥ አለ። ስነሣ ተነሣ። በሳቅ ሞትኩ። አባቴም ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ ብዙ ጊዜ አይቼው አላውቅም ነበር።

ዛሬ ጎንደር ውስጥ የሕንፃ ንድፍ በመሥራት ነው የምተዳደረው። ገና ያልተሠራ ሆቴል ምን እንደሚመስል ለባለቤቱ ስዬ አሳያለሁ። የምሥለው አባቴ መንገድ መሐል እንዳሳየኝ ነው። ያስተማረኝ አንድም ስሕተት የለበትም። የምናደደውም በዚህ ነው። ውሸታም አስተማሪ ቢሆን ኖሮ ትምህርቱንም እሱንም አንድ ላይ ጥዬ በተገላገልኩ ነበር።

ስሙ ባዘዘው ነው። ደባርቅ ትምህርት ቤት የሥዕልና የእጅ ሥራ መምህር ነበር። ትምህርት ቤቱ ከጠመኔ በቀር ሌላ ቀለም አልነበረውም። አባቴ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቤት ይሥላል፣ መንደር ይሥላል፣ ደወል ሲደወል በዳስተር ጠርጎት ይወጣል። ከትምህርት ቤት ውጪ የሚፈለገው ለመፈክር ነበር። ቀይ ጨርቅ ተዘርግቶለት ነጭ ፊደል ይጽፋል። ማታ ሲገባ እጁን እየታጠበ «እኔ ሰዓሊ አይደለሁም፤ ፊደል ገልባጭ ነኝ» ይላታል እናቴን። እናቴ አገርነሽ ትስቅበታለች፤ «ገልብጥ እንጂ ታዲያ፤ ደመወዙ አንድ አይደል?» ትለዋለች።

የምናገረው የስድሳ ስድስቱ አብዮት አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሽር ጉድ ስለሚባልበት ክረምት ነው። እኔ ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ክፍል ተዛውሬ ነበር።

ቤታችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ፣ መንገዱ ዳር ነው። በራችን ላይ ቦኖ ውሃ አለ። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የከብት ገበያው ሜዳ። በዚያ ክረምት አንድ ጠዋት ተነሥቼ ሳይ ሜዳው ሰው ሞልቶታል። የገበያ ቀን አልነበረም። ከብትም የለም። ሰዎቹ ግን ተቀምጠዋል፤ አንዳንዱ ተኝቷል። በነጋታውም አሉ። ሳምንቱን ሙሉ አሉ። እንዲያውም ይጨምራሉ።

«እማዬ፣ ይሄ ገበያ አይበተንም?» አልኳት።

«የምን ገበያ?»

«ምንድን ነው የሚሸጡት?»

እናቴ አተር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን አስቀምጣ አየችኝና «የሚሸጥ የላቸውም» አለች። ስለዚህ ገዢ የሚጠብቁ ሳይሆን ሻጭ የሚጠብቁ ናቸው ብዬ ወሰንኩ። ብዙ ገዢ ተሰብስቦ ሻጩ የዘገየበት ገበያ። ትልልቆቹ ስለነሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ድርቅ በሉ፤ ሌላውን ቃል አታንሡ ተብሏል» ሲባባሉ እሰማለሁ። ሌላው ቃል የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ አጸያፊ ስድብ ይመስለኝ ነበር።

ጤናዬን ያገኘኋት ቦኖው ላይ ነው። ሰዎቹ ውሃ የሚቀዱት መንገዱን እየተሻገሩ ከእኛ በር ነበር። እኔ በቦኖው ሲሚንቶ ላይ በከሰል መንገድ እየሣልኩ ነበር፤ አድማሱን አስምሬ፣ ነጥቡን አድርጌ፣ የስልክ እንጨቶቹን እያሳጠርኩ። አንዲት በኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ቅል ይዛ መጣችና ቆማ አየች። ፀጉሯ ተላጭቷል። አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አለ።

«መሰላል ነው?» አለችኝ።

«መንገድ ነው። የሚርቅ ነገር ያንሳል። እዪው፣ ያ እንጨት ከዚህኛው ያንሳል አይደል?»

መንገዱን ዞራ አየችው። ራሷን ነቀነቀች፤ አላመነችኝም። ከሰሉን ሰጠኋትና ሣዪ አልኳት። መጀመሪያ ክብ አደረገች፤ አጥሩ ነው። መሐሉ ላይ ቤት። ቤቱ ግድግዳ እያለውም ውስጡ ይታያል፤ በሬው ተኝቶ፣ ማድጋው ቆሞ። ከቤቱ ኋላ ሴት ሣለች፤ ሴቲቱ ከቤቱ ትበልጣለች።

«ማናት?»

«እናቴ ናት።»

«ተሳስተሻል። ከቤቱ ኋላ ከሆነች ማነስ አለባት።»

«ምነው እቴ!» አለችኝ ተቆጥታ። «ምን አረገችሽ ነው የምታሳንሻት?»

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ደስ ብሎት ሳቀ። «ያልተማረ ዓይን እንዲያ ነው። እሷ የምትሥለው የምታውቀውን ነው፤ አንቺ የምታዪውን» አለኝ። በዚያ ሌሊት በኩራት ነው የተኛሁት። የጤናዬ እናት ከመካነ ብርሃን ሲመጡ ከቡይት ራስ በላይ ብርዱ ላይ ወድቃ መቅረቷን፣ ልጅቷን ያመጣቻት አክስቷ ፋንታዬ መሆኗን የሰማሁት ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። እኔ የማውቀው ጤናዬ ሥዕል እንደማትችል ብቻ ነበር።

በየቀኑ ትመጣ ጀመር። ቅሏን ሞልታ ለአክስቷ ታደርስና ተመልሳ ትቀመጣለች። እናቴ በር ላይ ብቅ ብላ ግራ ቀኝ ታይና ትኩስ ነገር በጨርቅ ጠቅልላ ታቀብላታለች። ጤናዬ ከፊሉን ትበላለች፣ ከፊሉን እብቷ ውስጥ ትከታለች። ለምን እንደምትደብቅ ስጠይቃት «ለአክስቴ» አለችኝ። ስስታም መስላኝ ነበር።

ከዚያ ጓድ ያርጋል ቤታችን መጣ። የአውራጃው ካድሬ ነው፤ ወጣት፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ፣ ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋ ቀስ የሚል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ጮክ ብሎ ነበር የሚያወራው። እኔ ከሦስቱ ታናናሾቼ ጋር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ።

«ጋሽ ባዘዘው፣ ለበዓሉ ከጎንደር እንግዶች ይመጣሉ። ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ከዳባት ተነሥተው ከተማ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ነው።» በአገጩ ወደ ሜዳው ጠቆመ። «ዓይን ይወጋል።»

«ሌላ ቦታ ቢወሰዱስ?» አለ አባቴ።

«የት ይወሰዳሉ? ሲሄዱ መንገድ ላይ ይወድቁና የባሰ ነው። ባሉበት ይሁኑ። ከፊታቸው ግን የሚያምር ነገር ይቁምልን። አዝመራ፣ ትራክተር፣ ጎተራ። እርስዎ ሰዓሊ ነዎት። ሁልጊዜ ቀለም የለኝም ይሉኛል። ይኸው፣ ቀለም መጣ።»

ጭኖት የመጣውን ሣጥን ከፈተው። የዘይት ቀለም በቆርቆሮ፤ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ ነጭ። አዳዲስ ቡሩሾች በወረቀት እንደተጠቀለሉ። አባቴ አንዱን ቡሩሽ አውጥቶ ፀጉሩን በአውራ ጣቱ ገፋ ገፋ አደረገው። ከዚያ ጠየቀ፤

«ሰሌዳው ቁመቱ ስንት ይሁን?»

ሌላ ብዙ ነገር መጠየቅ ይችል ነበር። ሰዎቹ እስከ መቼ ይታጠራሉ ማለት ይችል ነበር። እሱ ቁመቱን ጠየቀ።

ያርጋል ከወጣ በኋላ እናቴ «ባዘዘው፣ ምን ልትሠራ ነው?» አለችው።

«ሰምተሽ የለ? ሰሌዳ።»

«ሰው ልታጥርበት?»

«ቢያንስ ከነፋስ ይከልላቸዋል» አለ።

ያንን ሰማሁ፤ ያንኑ አመንኩ። በነጋታው ሮጬ ለጤናዬ ነገርኳት። አባቴ ነፋስ እንዳይነካችሁ ግድግዳ ሊሠራላችሁ ነው፣ ሥዕል ያለበት ግድግዳ! ጤናዬ ለአክስቷ ልትነግር እየሮጠች ተሻገረች። ፋንታዬ ከሜዳው ብድግ ብላ ወደኛ ቤት አቅጣጫ እጅ ስትነሣ አየሁ። ሴቲቱ አባቴን እየመረቀች ነበር።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአባቴ ጋር መነጋገር ተወች። ምግቡን አቅርባለት ትወጣለች። ሲገባ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ታደርጋለች። እኔ ቀለም ማቅጠኛው አኳራጂያ ሸቷት መሰለኝ። «አባዬ፣ ገላህን ታጠብ፣ እማዬን ሸተሃታል» አልኩት። አባቴ ሳሙና ይዞ ወጣ።

ሰሌዳው ሜዳውን በመንገዱ በኩል ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ነበር። ባሕር ዛፍ ተተክሎ ኮምፔንሳቶ ተመታበት፤ ነጭ ተቀባ። አባቴ ሥራውን የጀመረው ከመኪና ነው። የያርጋል ላንድሮቨር ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠና ሾፌሩን ቀስ ብሎ እንዲነዳ አደረገው፤ አንዴ፣ ደግሞ፣ እንደገና። ከዚያ ወርዶ አስረዳኝ።

«እንግዳው ቆሞ አይደለም የሚያየው፤ ተቀምጦ ነው። ስለዚህ አድማሳችንን መኪና ውስጥ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ እናደርገዋለን። ነጥቡን ደግሞ መኪናው በሚቆምበት ትይዩ። ያን ጊዜ ሥዕሉና እውነተኛው ተራራ ይገጥማሉ። ሰሌዳ መሆኑን እንኳ አያውቅም።»

መኪናው የሚቆምበት ቦታ ላይ ነጭ ድንጋይ አስቀመጠ። ነጥቡ ላይ ምስማር መታ። ምስማሩ ላይ ረጅም ሲባጎ አሰረና በከሰል ዱቄት አጠቆረው። እኔ የሲባጎውን ጫፍ ይዤ ወደ ሰሌዳው ጠርዝ እሄዳለሁ፤ «ወጥሪ!» ሲለኝ እወጥራለሁ፤ እሱ መሐሉን በጣቱ ስቦ ሲለቀው ጧ ብሎ ነጩ ላይ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ይተዋል። ትንሽ ዝቅ፣ ጧ! ደግሞ ዝቅ፣ ጧ! መስመሮቹ ሁሉ ከምስማሩ እየተነሡ ወደ እግራችን ይሰፋሉ። ትልም ሆኑ። በትልሞቹ መሐል ስንዴ አበቀለ፤ ከፊት ያለውን ዘለላውን እየለየ፣ ከኋላ ያለውን ቢጫ ብቻ እያደረገ። ዓይኔ እያየ መሬቱ ወደ ውስጥ ተከፈተ። እውነቱን ልናገር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ይህንን ደስታ እስካሁን ልጥለው አልቻልኩም፤ እሱም ያናድደኛል።

ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ሳል ይሰማል። የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። አባቴ ያፏጫል።

አንድ ቀን በሁለት ኮምፔንሳቶ መሐል ባለ ክፍተት ዓይን አየሁ።

«ዕፀ!» አለችኝ ጤናዬ። «ምን ትሠራላችሁ?»

«ስንዴ!» አልኳት።

«ስንዴ?»

«አዎ፣ ብዙ ስንዴ!»

ዓይኗ ከቀዳዳው ጠፋ። ወዲያው ከጀርባ ድምፁ ተነሣ፤ «ስንዴ መጣ! ስንዴ መጣ!» አንዲት ሴት እልል አለች። የሰው መነሣት፣ የመሬት መረገጥ ተሰማ። የሰሌዳውን ጫፍ ዞረው መምጣት ጀመሩ፤ ስልቻ የያዘ፣ ነጠላውን የዘረጋ። ታጣቂዎቹ ሮጠው በዱላ መለሷቸው። ፋንታዬ ብቻ አልፋ ወጣች። ሥዕሉ ፊት ቆመች። ላይና ታች አየችው። እጇን ዘርግታ ስንዴውን ነካችው፤ መዳፏ ቢጫ ሆነ። መዳፏን አየት አድርጋ ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ወደ ሰሌዳው ጀርባ ተመለሰች።

አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ «ማነው ስንዴ ያለው?» አለኝ።

«እኔ።»

አልመታኝም። ቡሩሹን ነክሮ የፋንታዬ እጅ ያረፈበትን ቦታ እንደገና ቀባው። ከዚያ ቀጭን ጣውላና መዶሻ አመጣና ጤናዬ የምታይበትን ክፍተት መታበት። ከላይ እስከ ታች። ምስማሩን ሲመታ ከጀርባ ትንሽ ጣት ነበረች፤ ወዲያው ገባች።

«ለምን ትደፍነዋለህ?» አልኩት።

«ነፋስ ያስገባል» አለኝ።

እንግዶቹ የሚመጡት በጠዋት ነው ተብሎ ገና ሲነጋ አሰለፉን። የተማሪ ሁሉ እጅ ላይ የወረቀት ባንዲራ አለ። ታጣቂዎች በሰሌዳው ጫፍና ጫፍ ቆመዋል፤ እንግዶቹ እስኪያልፉ ማንም ከሜዳው እንዳይወጣ፣ ማንም መንገድ እንዳይሻገር ተብሏል። ቦኖው ላይም አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ጠዋቱ አለፈ። ዝናቡ ያቆመ ጊዜ ስለነበር ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኛ ተራ በተራ ወደ ቦኖው እየሄድን ጠጣን። ከሰሌዳው ጀርባ ሕፃናት ያለቅሱ ነበር፤ ከዚያ ዝም አሉ።

እናቴ ጀሪካን ተሸክማ ከቤት ስትወጣ አየኋት። በሰሌዳው ጫፍ በኩል ሄደች። ለእንግዶቹ ውሃ ይዛ የመጣች መሰለኝ፤ እንዲያውም እሷም በመጨረሻ ለበዓሉ ልቧ ተነሣሣ ብዬ ደስ አለኝ። ታጣቂው ቆሞ አነጋገራት። ከዚያ ጀሪካኑን ከእጇ ነጠቀውና መሬት ላይ ደፋው። እናቴ ባዶውን ጀሪካን ይዛ ቆመች። ውሃው ቆሻሻ ነበር ማለት ነው አልኩ ለራሴ።

መኪኖቹ የመጡት ቀኑ ካጋደለ በኋላ ነው። ፊተኛው ነጩ ድንጋይ ላይ ደርሶ ልክ እንደታዘዘው ቆመ። መስኮቱ ወረደ። አንድ ወፍራም ሰው መነጽሩን አውልቆ አየ። አልወረደም፤ እንደተቀመጠ አየ።

«እርሻው የማን ነው?» አለ።

ያርጋል ሳቁን ማፈን አልቻለም። «ጓድ፣ ሥዕል ነው!»

ሰውየው በሩን ከፍቶ ወረደ። አባቴ ተጠራ። እኔ ከአባቴ አጠገብ ነበርኩ። ሰውየው የአባቴን እጅ ይዞ መጨበጡን ረስቶት ያወራል፤ ተራራው ከየት እንደጀመረ፣ ሥዕሉ የት እንዳለቀ ይጠይቃል። አባቴ ያስረዳል። ጎንበስ ብሎ አድማሱን ያሳያል። እንዲህ ተብሎ የተጠየቀበት ቀን በዕድሜው የለም።

ያን ጊዜ ከጀርባ ሰማሁ። ቀጭን ድምፅ ነው፤ «ዕፀ! ዕፀ!» ከዚያ ሌላ ቃል አለች፤ አልለየሁትም። ጤናዬ እንግዶቹን ለማየት ፈልጋ ነው ብዬ ወደ ሰሌዳው አንድ እርምጃ ስራመድ አባቴ ክንዴን ያዘኝ። ጣቶቹ ሥጋዬ ውስጥ ገቡ። ፊቱ ላይ ግን ፈገግታው አለ።

«ልጄ ናት» አለው ለሰውየው። «ሲባጎውን የወጠረችልኝ እሷ ናት።»

ሰውየው ጉንጬን ነካ አደረገኝ። ወዲያው ከሰሌዳው ጀርባ የሴት ድምፅ ወጣ። ረጅም፣ የማያቋርጥ። ሰውየው ጆሮውን ቀና አደረገ። ያርጋል መዝሙር ወደምታስተምረን መምህር ዞሮ እጁን አነሣ፤ መምህሯም እጇን አነሣችልን፤ ልጆቹ ሁሉ መዝሙሩን እየጮሁ አወጡት።

«አባዬ፣ ማን ነው የምትጮኸው?» አልኩት።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «እልልታ ነው» አለኝ። «ደስ ብሏቸው ነው። ዘምሪ።»

ዘመርኩ።

በነጋታው ሜዳው ላይ የጭነት መኪኖች ቆሙ። ሰዎቹ ተጫኑ። ጤናዬን ልሰናበት ስፈልግ እናቴ ከደጅ አላስወጣችኝም። «ጤናዬ ሄዳለች» አለችኝ። «መተከል የሚባል አገር ወስደዋቸዋል። እህል የተትረፈረፈበት አገር ነው።» እኔ መተከልን የአባቴ ሥዕል አድርጌ አሰብኩት። ጤናዬ በትልሞቹ መሐል ወደዚያ ነጥብ እየሮጠች፣ እየሮጠች ስታንስ። ለብዙ ዓመታት እንደዚያ ሆና ታየችኝ። ኮምፔንሳቶውን ሰዉ ማታ ማታ እየነቀለ ወሰደው፤ ከተማው ውስጥ ስንዴ የተሣለበት የማድቤት በር ብዙ ነበር።

እናቴ እውነቱን የነገረችኝ ሁለታችንም ካረጀን በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ለዘመን መለወጫ ደባርቅ ሄጄ ነበር። ሬዲዮው ስለ መተከል ያወራል። እኔም እንደዋዛ «እንግዲህ ጤናዬ በሕይወት ካለች እዚያ ልጅ ወልዳለች» አልኳት። እናቴ ሬዲዮውን ዘጋችው።

«ጤናዬ መተከል አልሄደችም» አለች። «የዚያን ቀን ነው የሞተችው። ሰሌዳው ጥላ ሥር፣ በአክስቷ እቅፍ። ከጠዋት ጀምሮ ተቅማጥ ይዟት ውሃ፣ ውሃ ስትል ነበር። ፋንታዬ ናት የጮኸችው። አመሻሽ ላይ ታጣቂዎቹ ሲነሡ ሄጄ በነጠላዬ የገነዝኳት እኔ ነኝ።»

«እና መተከል ሄደች አልሽኝ?»

«ልጅ ነበርሽ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ልጅ ነበርኩ? ስዳር ልጅ ነበርኩ? ስወልድ ልጅ ነበርኩ?»

እናቴ አለቀሰች። ላባብላት አልቻልኩም። ጀሪካኑን ተሸክማ የወጣች ብቸኛ ሰው እሷ መሆኗን እያወቅሁ እንኳ አላባበልኳትም። ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

አባቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የባሕር ዛፍ በትር በቢላ ይልጣል። ሰማንያ ሊሞላው ነው። እጁ አሁንም አይንቀጠቀጥም።

«አባዬ፣ ያን ቀን ከሰሌዳው ጀርባ ሰው መሞቱን ታውቅ ነበር?»

የትኛው ቀን ብሎ አልጠየቀኝም። «በየቀኑ ይሞቱ ነበር» አለ።

«ያን ቀን። ሰውየው እጅህን ይዞ ሲያወራህ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን መሰለህ?»

«ምን ይመስለኛል? ሙሾ ነው። ሙሾ አጥቼው ነው?»

«እልልታ ነው አልከኝ።»

በትሩን ገለበጠና ሌላውን ጎን መላጥ ጀመረ። «ስንዴ አልነበረም» አለ። «ሰሌዳው ቢቆምም ባይቆምም የሚሰጣቸው ስንዴ አልነበረም። እኔ ያስራብኩት ሰው የለም።»

«ውሃ ነበር» አልኩት። «ቦኖው ከመንገዱ ማዶ ነበር።»

ቢላው ቆመ።

«አራት ልጅ ነበረኝ» አለ። «ያርጋልን እምቢ ያለ ሰው የት እንደሚደርስ አንቺ አታውቂም።»

«እምቢ ለምን አላልክም አላልኩህም። እሱ ይገባኛል። መኪና ውስጥ ተቀምጠህ አድማሱን ለካ ያለህ ማን ነው? ልጅቷ የምታይበትን ቀዳዳ ጣውላ ምታበት ያለህ ማን ነው? የሴቲቱን መዳፍ አሻራ አጥፋው ያለህስ? አበላሽተህ ብትሠራው ማን ያውቅብህ ነበር? ያርጋል ነው ስለ መጥፊያ ነጥብ የሚያውቀው?»

እየጮህኩ ነበር። ጎረቤት ሰምቶ ይሆናል። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት ቢኖር ኖሮ እቀዘቅዝ ነበር።

«ዕፀ» አለኝ ቀስ ብሎ። «በዕድሜዬ ቀለም ያገኘሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።»

ይህ እውነት ነው። እኔ ያልኩትን ሁሉ አንድ ላይ ቢደምሩት የዚህን ያህል እውነት አይሆንም። ስለዚህ ምን ልበለው? ሰው በእውነት ምክንያት እንዲህ ሊናደድ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ጫማዬን ፈለግሁ።

ልሄድ ስል ጠራኝ።

«ስሟ ማን ነበር?»

ዞርኩ። «የማን?»

«የልጅቷ። ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው ነው። በስሟ ጸሎት እንዲያደርሱላት። ለእኔም…» አልጨረሰውም።

በራችን ላይ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጣለች። ማታ ማታ ስለሷ አውርቼለታለሁ፤ ሥዕሏን ሰምቶ ስቋል። በቀዳዳው ስታናግረኝ አጠገቤ ቆሟል። ስሟን አያውቀውም።

እናቴ የጓሮው በር ላይ ወጥታ ቆማ ነበር። አባቴ ወደሷ ዞረ። «አገርነሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ አይደል?»

እናቴ ዓይኗን አብሳ ተመለከተችው። «ልጅህን ጠይቅ» አለችውና ወደ ውስጥ ገባች።

እኔም ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

አባቴ በሕይወት አለ። በየበዓሉ ይደውልልኛል። እንኳን አደረሰሽ ይለኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቀኛል። ከዚያ ሲተነፍስ ይሰማኛል። «ያቺ ልጅ» ይላል በመጨረሻ፤ «ስሟን እኮ አልነገርሽኝም።»

ስልኩን እዘጋበታለሁ።